ምንጭ ያደረቀው ሰውዬ

እሷ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ባለፈው ቃል በገባነው መሠረት፣ ዛሬ ፕሮግራምና ፋይል ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ወደ አዲስ እንዴት እንደሚዛወር እናወራለን። አጠገቤ የተቀመጠው ደግሞ...

እሱ፦ እንዳትጀምሪ!

እሷ፦ ...ምንጭ ያደረቀው ሰውዬ ነው።

እሱ፦ (ሳቅ) በቃ እኔው ልናገርና ይውጣልኝ። አዲስ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣኑን ዓይነት፣ ገዛሁ። አሮጌው 500 ጊጋባይት፣ አዲሱም 500 ጊጋባይት። ጣጣው የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

እሷ፦ እኩል መሆናቸው?

እሱ፦ አዎ! ክሎን ማድረጊያውን፣ አንዱን ዲስክ እንዳለ ሌላው ላይ የሚገለብጠውን ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ ከፍላሽ አስነሳሁት። ሁለት መስመር ወጣ፤ ሁለቱም 500 ይላሉ። «ምንጭ ምረጥ» አለኝ፣ መረጥኩ። «መድረሻ ምረጥ» አለኝ፣ መረጥኩ። «መድረሻው ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

እሷ፦ አንተስ?

እሱ፦ ባዶ ዲስክ ነው፣ ቢጠፋ ምን ቸገረኝ? እሺ አልኩት። 4 በመቶ ላይ ሲደርስ ዓይኔ የሞዴል ቁጥሩ ላይ አረፈ። መድረሻ የሚለው አጠገብ የተጻፈው የአሮጌው ዲስኬ ቁጥር ነው።

እሷ፦ ወይኔ!

እሱ፦ ባዶውን ሙሉው ላይ እየገለበጥኩ ነበር! ሴክተር በሴክተር፣ ዲስኩ የተከፋፈለባቸውን ጥቃቅን ክፍሎች አንድ በአንድ። ገመዱን እንዴት እንደነቀልኩት አላውቅም።

እሷ፦ ምንጩ ግን ደረቀ።

እሱ፦ ደረቀ። ምን ታደርጊዋለሽ።

እሷ፦ ቆይ ግን፣ 4 በመቶ እኮ 20 ጊጋ ነው። 480ው አልተነካም።

እሱ፦ እኔም መጀመሪያ እንደዛ ብዬ ተጽናናሁ። ግን የፋይሎቹ ስምና የተቀመጡበት ቦታ የሚመዘገብበት ማውጫ፣ በዊንዶውስ ዲስክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጀመሪያው አካባቢ ነው። እኔ የደመሰስኩት እሱን ነው። ንብረቱ አለ፣ መዝገቡ የለም። ከዚያ ፎቶሬክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ለቀቅኩበት። እሱ ስም አይፈልግም። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ፣ «ይሄ የጄፔግ አጀማመር ነው፣ ይሄ የፒዲኤፍ ነው» እያለ ይለቅማል። ሌሊቱን ሙሉ ሲለቅም አደረ።

እሷ፦ ወጣ ታዲያ?

እሱ፦ ወጣ! በአሥር ሺህ የሚቆጠር ፎቶ። ስማቸው ብቻ «ኤፍ» እና ቁጥር ሆነ። ኤፍ 0734216ን ስከፍት የእህቴ ሠርግ። ቀጣዩ የኢሜይል ፖስታ ምልክት፣ የጥፍር ያህል። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ከሆነ ድረ ገጽ የመጣ የጫማ ማስታወቂያ። ከዚያ እንደገና ሠርጉ። ብሮውዘሩ ያጠራቀመውን ሁሉ አብሮ አውጥቶታል።

እሷ፦ (ሳቅ) እህትህ አይታዋለች?

እሱ፦ «ጫማውን ለምን አላጠፋኸውም?» አለችኝ።

እሷ፦ እሺ፣ ወደ ርዕሳችን። እኔ አሁንም ክሎን ነው የምለው። ፕሮግራሙም፣ ሴቲንጉም፣ ሁሉም እንዳለ ይመጣል።

እሱ፦ ቆሻሻውም እንዳለ ይመጣል! ዊንዶውሱን አዲስ ጫኚ፣ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ጫኚ፣ ፋይሉን ብቻ ኮፒ አድርጊ።

እሷ፦ አንተ ስለገለበጥከው ክሎን ምን በደለ?

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ብቻ ሰው የሚሳሳተው ሌላም ቦታ አለ። «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚለውን ፎልደር ኮፒ አድርጎ ፕሮግራሙ የመጣ ይመስለዋል። አይመጣም። ፕሮግራም ሲጫን ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ላይ ይመዘገባል፣ አንዳንድ ፋይሉን ሲስተም ፎልደር ውስጥ ይወሽቃል፣ ሴቲንጉን ደግሞ «አፕዳታ» ውስጥ ያስቀምጣል። ፎልደሩን ብቻ ስትወስጂው አብዛኛው አይነሳም።

እሷ፦ ሳይጫኑ የሚሠሩት፣ ፖርተብል የሚባሉት ይሄዳሉ።

እሱ፦ እነሱ ይሄዳሉ። አፕዳታ ደግሞ የተደበቀ ፎልደር ነው። «ዶክመንትስና ፒክቸርስን ወሰድኩ፣ ጨረስኩ» ትያለሽ፤ የብሮውዘርሽ ቡክማርክ ግን እዚያ ቀርቷል።

እሷ፦ ፈቃድ ያላቸው ፕሮግራሞችስ? አንዳንዶቹን አሮጌው ላይ ዲአክቲቬት ሳታደርግ፣ ፈቃዱን ሳታስለቅቅ፣ ከሄድክ አዲሱ ላይ ያስቸግራሉ።

እሱ፦ ልክ። ይሄ ሁሉ አዲስ ስትጭኚ ነው።

እሷ፦ በክሎን ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም! ክሎን አድርጌ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ አሮጌውን ነቅዬ በአዲሱ ብቻ አስነሳለሁ። ከተነሳ ተነሳ፤ ካልተነሳ አሮጌው እንዳለ እጄ ላይ ነው።

እሱ፦ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ እሺ። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ከሆነስ? ተራ ክሎን የተበላሸ ሴክተር ላይ ሲደርስ ወይ ያቆማል፣ ወይ እዚያው ሲታገል ዲስኩን ይጨርሰዋል።

እሷ፦ ለሱ ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም አለ። ቀላሉን ቦታ አስቀድሞ ያነብና ወደ ተበላሸው በኋላ ይመለሳል።

እሱ፦ እሺ፣ የታመመ ከሆነ መጀመሪያ በዲዲሬስኪው። ጤነኛ ከሆነ ግን አዲስ ጭነት።

እሷ፦ ጤነኛ ከሆነ ክሎን!

እሱ፦ እሺ፣ አንቺ ክሎን አድርጊ። እኔ ለማንኛውም ከዚያ ወዲህ ዲስኮቼ ላይ ፕላስተር እየለጠፍኩ እጽፍባቸዋለሁ። አንዱ ላይ «ምንጭ»፣ አንዱ ላይ «መድረሻ»።

እሷ፦ ጥሩ። የፎቶዎቹ ዲስክ ላይ የጻፍከው የቱን ነው?

እሱ፦ «ምንጭ»። ማለቴ... ከሱ ወደ ሌላው ስለገለበጥኩ... ቆይ፣ ተነስቼ ልየው።