ስክሪኑ የሚበራው መቼ ነው? አጸደ ሕፃናት ስንመርጥ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ ፖድካስት አድማጮች። በዛሬው ክፍል እንግዳ የለኝም፤ ሰሞኑን በቤታችን ከሁሉ በላይ ስንነጋገርበት ስለሰነበትነው ጉዳይ ብቻዬን ላወጋችሁ ነው። ልጃችን በመጪው መስከረም ኬጂ አንድ ትገባለች። እኔና ባለቤቴም እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከሰፈራችን ብዙም የማይርቁ አጸደ ሕፃናትን እየዞርን ስንጎበኝ ቆይተናል። የክፍያውና የምዝገባው ነገር ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ የማነሣው ሁለት ነገር ነው፦ በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሕፃናት ይቀመጣሉ? በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥንስ በቀን ለምን ያህል ጊዜ ይበራል? ብዙ ወላጅ እነዚህን ለየብቻ ይጠይቃቸዋል፤ በእኔ እምነት ግን ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው።

ምክንያቴን ላስረዳ። በአንድ ክፍል ውስጥ አርባ የአራት ዓመት ሕፃናት፣ አንዲት መምህርትና አንዲት ሞግዚት አሉ እንበል። አንዱ ሽንት ቤት ልሂድ ይላል፤ ሌላዋ የምሳ ዕቃዋ ክዳን አልከፈት ብሏት ታለቅሳለች፤ ሁለቱ በአንድ እርሳስ ይጣላሉ፤ መምህርቷ ደግሞ ልጆቹ ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት የአርባውንም ኮሙኒኬሽን ቡክ፣ ማለትም ለወላጅ የሚላከውን የመልእክት ደብተር፣ ጽፋ መጨረስ አለባት። በዚህ ሰዓት የእንግሊዝኛ መዝሙር ያለበት ካርቱን ብትከፍት ሰነፍ ናት የምላት አይደለችም፤ ከዚያ በቀር የሚያግዛት ስለሌለ ነው። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት በቢሮ ተቀምጠን ስለ ስክሪን አጠቃቀሙ የሚነግረንን ሁሉ፣ ክፍል ውስጥ ካለው የልጆች ቁጥር ጋር ሳናመዛዝን ልንቀበለው አይገባም።

ቴሌቪዥኑ መቼ እንደሚበራ ለማወቅ የጉብኝት ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚገባ ጎብኚ ልጆቹ ቆመው ሲዘምሩ፣ ፊደል ሲቆጥሩ፣ መምህርቷም በመካከላቸው ስትዘዋወር ያያል። ከምሳ በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ የሚገባ ግን የደከመውን ክፍል ያገኛል። አንድ ትምህርት ቤት በዚህ ሰዓት እንድንገባ ፈቅዶልን ነበር፤ መጋረጃው ወርዶ፣ ሕፃናቱ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ነበር ያገኘናቸው። ያስጎበኙን ባልደረባ ስለ ጸጥታቸው በኩራት ሲናገሩ፣ የአራት ዓመት ልጆች እንዲህ ዝም ማለታቸው እኔን አስጨንቆኝ ነበር።

ስለ ክፍል መጠን ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው፣ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረውና ስታር በሚል ስም የሚታወቀው ነው። ጥናቱ ልጆችን ከኬጂ እስከ ሦስተኛ ክፍል በዕጣ በሦስት ዓይነት ክፍሎች መደበ፤ የመጀመሪያው ከ13 እስከ 17 ልጆች የያዘ ትንሽ ክፍል፣ ሁለተኛው ከ22 እስከ 25 የያዘ መደበኛ ክፍል፣ ሦስተኛውም ያው መደበኛ ክፍል ሆኖ የሙሉ ጊዜ ረዳት የተጨመረለት ነበር። በትንሹ ክፍል የተማሩት በንባብም በሒሳብም በለጡ፤ ብልጫውም በጥቁር ልጆችና ከድሃ ቤተሰብ በመጡት ዘንድ የበለጠ ጎልቶ ታየ። እኛን ወላጆች በይበልጥ ሊያነጋግረን የሚገባው ግን ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ረዳት መጨመሩ በልጆቹ ውጤት ላይ ያመጣው ለውጥ እምብዛም ነበርና።

ይህን የማነሣው፣ የልጆቹን ቁጥር በጠየቅን ጊዜ በየቢሮው የሚሰጠን መልስ «አያስቡ፣ ሞግዚትም አለች» የሚል በመሆኑ ነው። ሞግዚቶቹን አላቃልልም፤ ልጅ ስትወድቅ የሚያነሧት፣ ልብሷ ሲረጥብ የሚቀይሩላት እነርሱ ናቸው፤ እናት እንደ መሆኔም ያለ እነርሱ ልጄን ትቼ አልወጣም። ነገር ግን ልጅ በጠየቀች ጊዜ መልስ የምታገኝበትን፣ ተራዋ ደርሶ የምትናገርበትን ጊዜ የሚወስነው የልጆቹ ብዛት ነው። የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለሃያ ልጆች ሲከፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ለአርባ ሲከፈል አንድ ደቂቃ ብቻ፤ ያውም ምንም ጊዜ ሳይባክን። በቴነሲ መደበኛ የተባለው ክፍል ደግሞ በእኛ ከተማ እንደ ትንሽ ክፍል የሚቆጠር መሆኑን ልብ በሉ።

የቄስ ትምህርት ቤቱን ሥርዓት ያስታወስሁት በዚህ ምክንያት ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የሚሰበሰበው ልጅ ብዙ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ በተራው የኔታ ፊት ቀርቦ የራሱን ንባብ ያሰማ ነበር፤ የቀደመውም ልጅ ለጀማሪው ያስቀጽል ነበር። ጭካኔውን፣ አለንጋውንም ጭምር፣ ማንም እንዲመለስ አይመኝም፤ ልጁ በየቀኑ የሚሰማው ሰው ማግኘቱ ግን ዛሬም ሊጠበቅለት የሚገባ ነው።

ትምህርት ቤቶቹ ለስክሪኑ የሚያቀርቡት ትልቁ ምክንያት እንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ አነጋገሩን ከካርቱኑ ይቀስሙታል ይሉናል። የአሜሪካው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ፊት ለፊት ከምታጫውታቸው ሰው የቻይንኛን ድምፆች መለየት ሲማሩ፣ ያንኑ በቪዲዮ የቀረበላቸው ግን አልተማሩም። የአራት ዓመት ልጅ ከጨቅላ የተለየች ናት፤ ከጥሩ ዝግጅትም አዲስ ቃል ልትይዝ ትችላለች። ቢሆንም ተናግራ የሚመልስላት፣ ስትሳሳት የሚያርማት ሰው ከስክሪኑ ውስጥ አይወጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢቀንስ እንደሚመረጥ፣ የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ ደግሞ ከ180 ደቂቃ እንዳያንስ ይመክራል። ይህ አንድ ሰዓት ቤትንም ይጨምራል። ትምህርት ቤቱ ሰዓቱን ከጨረሰው፣ ማታ ከአያቷ ጋር ለምታየው ቴሌቪዥን የተረፈ የለም ማለት ነው።

እኛ አሁን ያዘነበልነው ስማርት ቦርድ የሚሉት ትልቅ ስክሪን ወደሌለው፣ በአንድ ክፍል ሃያ ሁለት ልጆች ወዳሉት፣ ግቢውም ልጆች አፈር ነክተው ወደሚጫወቱበት ትምህርት ቤት ነው። ከሌሎቹ ይርቃል፤ ልጃችን በሰርቪስ መንገድ ላይ የምትቆየው ጊዜ ያሳስበኛል። ባለቤቴ ደግሞ ወደ አንደኛ ክፍል ስትሸጋገር የሚጠብቃትን የመግቢያ ፈተና እያሰበ እንግሊዝኛዋ እንዳይደክም ይሰጋል፤ ስጋቱን አከብራለሁ፤ ውይይታችንም አላለቀም። ከመፈረማችን በፊት ለርዕሰ መምህርቷ የማቀርበው አንድ ጥያቄ ቀርቷል፦ ሃያ ሁለት የተባለው ቁጥር የመስከረም ነው ወይስ የጥር? ዘግይተው የሚመዘገቡ ልጆች ባለው ሴክሽን ላይ ይጨመራሉ ወይስ አዲስ ሴክሽን ይከፈትላቸዋል? መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።

ከአድማጮቼ መካከል በኬጂ የምታስተምሩ ካላችሁ፣ በእናንተ ክፍል ስክሪኑ የሚበራው በየትኛው ሰዓትና በምን ምክንያት እንደሆነ፣ ክፍሉም ስንት ልጆች እንደያዘ ጻፉልኝ። ስማችሁንና የትምህርት ቤቱን ስም ሳልጠቅስ በሚቀጥለው ክፍል አነብበዋለሁ።