ለፋሲካ የተሰላ እህል

ጤና ይስጥልኝ፣ የተወደዳችሁ አድማጮቼ። ይህን የምቀርጸው ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ተቀምጬ ነው። ጊዜው የጥቅምት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የዚህ አገር የጥቅምት ብርድ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ወቅት በቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ጽጌ ስለሆነ፣ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ሜዳ አበቦች የተናገረው ቃል በእነዚህ ሳምንታት ደጋግሞ ይሰማል። አበቦቹ አይደክሙም፣ አይፈትሉምም ይላል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ይህ ቃል ለብዙ ዓመታት እንዴት እንዳስቸገረኝ፣ በኋላም እንዴት እንደገባኝ ነው።

ያደግሁት መንዝ ውስጥ ነው። መንዝ የበግና የባና አገር እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናቴ የተነደፈውን የበግ ጸጉር በግራ እጇ ይዛ፣ እንዝርቷን በቀኝ እጇ ጭኗ ላይ አሹራ ስትለቀው፣ ክሩ ከጣቶቿ መካከል እየቀጠነ ሲወጣ እያየሁ ነው ያደግሁት። እሳት ዳር ተቀምጣ ትፈትላለች፤ እንግዳ እያጫወተች ትፈትላለች፤ እኛ ተኝተን በሌሊት ስንነቃም የእንዝርቱ ድምፅ ይሰማ ነበር። አንድ ባና ተሸምኖ እስኪያልቅ ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ ያየ ልጅ፣ አበባ አይፈትልም ሲባል መጽናናት አይሰማውም። የእናቴ ድካም የተናቀ መስሎኝ አዝን ነበር። ለእኛ መፍተል የብርድ ልብስ ማግኛ ነበርና።

አድጌ ሥራዬ ዕቅድ ማውጣት ሆነ። በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነኝ፤ ሩብ ዓመት፣ ግማሽ ዓመት፣ ዘጠኝ ወር እያልሁ እቆጥራለሁ። ይህ ሥራ ክፋት የለበትም፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ነገር ግን ቀስ በቀስ ወደ ቤቴ፣ ከዚያም ወደ ጸሎቴ ገባ። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአንድ ማስታወሻ ደብተር የአምስት ዓመት ዕቅድ ጻፍሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪ፣ የቤት መሥሪያ ቦታ፣ የሚቆጠበው ገንዘብ በየወሩ፣ የሚነበበው መጽሐፍ በየሳምንቱ። በጸሎት ስቆም ደብተሩን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ እቆም ነበር። አሁን ሳስበው፣ እግዚአብሔርን የምለምነው ያዘጋጀሁት ሰነድ ላይ እንዲፈርምልኝ ነበር እንጂ ፈቃዱን እንዲነግረኝ አልነበረም። በማኅሌት ቆሜ እንኳ፣ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ በዓይኔ እያየሁ፣ በልቤ ያልተፈጸሙ ሥራዎችን እደረድር ነበር። ከእንቅልፍ ሰዓቴ ቀንሼ፣ ከሰንበትም ቀንሼ እሠራ ነበር።

ስለ ሰንበት ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1450፣ እዚሁ በእኛ አገር፣ በተጉለት በነበረችው በደብረ ምጥማቅ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰበሰቡት ጉባኤ፣ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር ተወስኖ ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ለዚህ ሲሉ ብዙ ስደትና መከራ ተቀብለዋል። እኔ ግን ከዚያ ጉባኤ ቦታ ብዙም ሳልርቅ እየኖርሁ፣ እነርሱ የተሰደዱለትን ዕረፍት ማንም ሳይወስድብኝ በገዛ እጄ ሰጠሁት።

ከዚያ ኅዳር 2014 ዓ.ም. መጣ። የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሶ ወደ ደብረ ሲና ሲቃረብ፣ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞላች። በአንድ ማታ 11 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ዘመዶቻችን፣ ሁለቱ ግን መንገድ ላይ የተገናኟቸው፣ ወደ ቤታችን ገቡ። አንዲት ሴት የሕፃኗን አንድ ጫማ ብቻ በእጇ ይዛ ነበር።

በጓዳ ወንድሜ ከመንዝ የላከው አንድ ኩንታል ገብስና ከገበያ የገዛሁት ሁለት ኩንታል ስንዴ ነበረን። ይህ እህል ለእናቴ፣ ለእህቴና ለእኔ እስከ ፋሲካ እንዲበቃ አስልቼ በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ በወር ስንት ኪሎ እንደሚፈጭ ሳይቀር። እናቴ የማዳበሪያውን አፍ የታሰረበትን ገመድ ስትፈታ፣ ተከትያት ገብቼ በዝግታ፣ «እማዬ፣ እስከ ፋሲካ የታሰበ ነው» አልኋት። ገመዱን መፍታቷን አላቆመችም። «ልጄ፣ ፋሲካ ራሱ ይመጣል፤ እነዚህ ግን መጥተዋል» አለችኝና እህሉን በእፍኝ ሳይሆን በሰፌድ መዛቅ ጀመረች። እኔም ሰፌዱን ተቀብያት ተሸከምሁ፤ የማደርገው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ተአምር ሆነ ብዬ አልነግራችሁም። እህሉ ጥር ሳይገባ አለቀ። ለቦታ ያጠራቀምሁት ገንዘብ ለእህል ሄደ። ትምህርቱም በዚያ ዓመት አልተጀመረም። ከዚያ ደብተር ውስጥ በተጻፈለት ቀን የተፈጸመ ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት፣ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈን ተደራርበን ስንተኛ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

በኋላ ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ጎተራዎችን አነጻጽሬ ማሰብ ጀመርሁ። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የምድሪቱን ምርት አምስተኛ እጅ አከማችቷል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለው ባለጠጋም ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ አስቧል። ሁለቱም ዐቅደዋል፤ ሁለቱም ለብዙ ዓመታት አስበዋል። አንዱ ጥበበኛ ተብሎ፣ ሌላው ሰነፍ የተባለበትን ምክንያት በክምችቱ ብዛት ብንፈልገው አናገኘውም፤ ከዮሴፍ የበለጠ ያከማቸ የለምና። ባለጠጋው ግን ጎተራዬ፣ ፍሬዬ፣ በረከቴ፣ ነፍሴ ይላል፤ በልቡ ከራሱ ጋር ብቻ ይማከራል። በዚያ ንግግር ውስጥ ሌላ ሰው አይገባም፣ እግዚአብሔርም አይጠየቅም። ዮሴፍ ራብ በመጣ ጊዜ ከፈተ። በነጻ አልሰጠም፣ ሸጠላቸው፤ ይህንም መሸሸግ አይገባም። ቢሆንም ከፈተ። የእኔ ደብተር ግን ሰው ሲመጣ የሚከፈትበት በር አልነበረውም። ያደከመኝም ዐሳቡ አልነበረም፤ በሩን ዘግቼ ሌት ተቀን መጠበቄ ነበር።

ይህን ስል ዕቅድ የእምነት ጉድለት ነው የሚሉትን አልደግፍም። ገበሬ ወንድሜ ሳያቅድ አያርስም። ዘሩን ይመርጣል፤ ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፤ ያርማል። በዚህ ደጋ ግን ገብሱ ፍሬ በሚይዝበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ባለ አንድ ሌሊት ውርጭ ከወደቀ፣ የወራት ድካም በአንድ ማለዳ ይጠወልጋል። ወንድሜ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሆኖም ማሳው ዳር ቆሞ ሲያድር አላየሁትም። «እግዜር ካለ እናጭዳለን» ይልና ይተኛል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4፣ ነገ ወደዚያች ከተማ ሄደን እናተርፋለን ለሚሉት፣ ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም በሉ ያላቸው ይህንኑ ነው። እኛ ይህን አባባል ከአፋችን ስለማይጠፋ ሳናስተውለው የምንናገረው ይመስለኛል። እኔ ስናገረው ኖሬአለሁ፤ አምኜበት ስናገረው ግን ገና አራተኛ ዓመቴ ነው።

አበቦቹን በተመለከተ፣ የእናቴ ድካም እንዳልተናቀ አሁን አምናለሁ። እናቴ ስትፈትል ኖራለች፤ ነገር ግን እንግዳ ሲመጣ እንዝርቷን ታስቀምጣለች። ክሩን ስለ ነገ ብርድ እየፈራች አልፈተለችውም፤ ከክሩ የተሸመነውን ባናም በዚያ ኅዳር አንድ ጫማ ይዛ የመጣችውን እናት ሕፃን አልብሳው ነበር።

ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ አሁንም እጽፍበታለሁ። የቤት መሥሪያውን ገንዘብ እንደገና ማጠራቀም ጀምሬአለሁ። ይህን ክፍል ባለፈው ቅዳሜ ላደርሳችሁ ጽፌ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን የጎረቤታችን ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ስናመላልሰው ዋልን። ዛሬ ሌሊት የጽጌ ማኅሌት ስላለ አሁን መቅጃውን መዝጋት ይኖርብኛል። እናቴ ነጠላዋን አዘጋጅታ፣ በላዩ ባና ደርባ፣ ከወዲሁ በር ላይ ተቀምጣለች።