አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ዘንቢል

ዮናስ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ ቤት ተከራይተው ስለሚኖሩ አረጋውያን ነው የምናወራው። ሰላም፣ ከኪራይ አዋጁ እንጀምር?

ሰላም፦ እሺ፣ ግን መጀመሪያ የአክስቴን ዘንቢል ልንገርህ።

ዮናስ፦ (ሳቅ) የምን ዘንቢል?

ሰላም፦ አክስቴ አራት ኪሎ፣ ቀበሌ ቤት ነው ያረጀችው። ሰፈሩ ሲፈርስ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። ጉልበቷን ደግሞ ሪህ ይዟታል። ምን ዘየደች መሰለህ? ዘንቢል በገመድ አስራ ከበረንዳ ታወርዳለች። ባለሱቁ ልጅ ዳቦውን፣ ስኳሩን ይከትላታል፤ እሷ ትጎትታለች።

ዮናስ፦ ብሩስ?

ሰላም፦ በመሐረብ ተቋጥሮ ይወርዳላ! መልሱም እንደዚያው ይወጣል። አንድ ቀን ለጥበቃው አቦሉን በፔርሙስ አወረደችለት።

ዮናስ፦ ቡናም ይወርዳል! (ሳቅ)

ሰላም፦ እኔም ስቄያለሁ። ማታ ሳስበው ግን አለቀስኩ። ዮኒ፣ በወር አንዴ ነው የምትወርደው፤ እሱም ዕድር ልትከፍል። ዕድሯ አራት ኪሎ ቀርቷል። «30 ዓመት ከፍዬ እንዴት እተወዋለሁ? ማን ይቀብረኛል?» ትላለች። ወንድሜ ደግፎ ያወርዳታል፤ ስትመለስ በየፎቁ ቁጭ እያለች ነው።

ዮናስ፦ ምድር ላይ ካለ ሰው ጋር መለዋወጥ አይቻልም? ዘመድ ቢሯሯጥ...

ሰላም፦ ሞከርን እኮ! አራተኛ ፎቅ ልውጣ የሚል ማን አለ? እሷ ያለችበት ብሎክ ደግሞ ምድሩ ሁሉ ሱቅ ነው። ለአረጋዊ ከታች ያለው ቤት ቀድሞ መሰጠት አለበት፤ አለቀ።

ዮናስ፦ ቢሆንም ውሃውም ሽንት ቤቱም እቤት ውስጥ ገባላቸው። የቀበሌው የጋራ አልነበረም?

ሰላም፦ የጋራ ነበር። ሽንት ቤቱንስ ትወደዋለች። ግን እዚያ ጎረቤት በሯ ላይ ነበር። በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ስንት እናት በዚያች ትንሽ ኪራይ ልጅ አሳድጋለች!

ዮናስ፦ ጣሪያው እያፈሰሰባትም ነው ያሳደገችው። እዚህ ላይ አልተስማማንም...

ሰላም፦ አልተስማማንም። ያ ዘንቢል ግን...

ዮናስ፦ አዋጁ!

ሰላም፦ እሺ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ነው፤ አከራይ በፈለገ ጊዜ መጨመር አይችልም። በጡረታ ለሚኖር ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ግን ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። በቃል የተከራየች እናት ያለቻችሁ፣ እባካችሁ ወረዳ ይዛችኋት ሂዱ።

ዮናስ፦ ለመሆኑ አክስትሽ ዛሬ ደወሉ?

ሰላም፦ ጠዋት። «ገመዱ ሳስቷል፣ ስትመጪ አዲስ ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ። ከዚህ ስወጣ መርካቶ ነኝ፤ ወፍራም ናይሎን ነው የምገዛላት።