ትኩሳት ይዞ በረኛ አይቆምም፦ ስለ ዦርዥ ቬዚና የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ካናዳዊው የአይስ ሆኪ በረኛ ስለ ዦርዥ ቬዚና አውርተን ስልኩ አላረፈም ነበር። የስፖርት ሐኪማችን ለአድማጮች የሰጡትን መልስ እነሆ።

ፕሮግራሙን ከመሃል ነው የከፈትኩት። ሰውዬው ማን ነው? (ከአዲስ አበባ)

ቬዚና እ.ኤ.አ. በ1887 በኩቤክ ግዛት ሺኩቲሚ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1910 መጀመሪያ ሞንትሪያል ካናዲያንስ የሚባለው የፕሮፌሽናል ሆኪ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ወደዚያ ሄደ። የከተማው አማተር ቡድን ፕሮፌሽናሎቹን ረታ። በረኛው ቬዚና አንድም ጎል አልገባበትም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ለካናዲያንስ ተሰልፎ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። በኦታዋ ቡድን 5 ለ 3 ተሸነፉ፤ እሱ ግን ቦታውን ያዘ። ከዚያ በኋላ እስከ 1925 ድረስ አንድም የሊግ ጨዋታ አላመለጠውም። በተከታታይ 328 ነው። በ1916 እና በ1924 የሆኪን ትልቁን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አንስቷል። ጨዋታውን ለማታውቁት፣ ገናን በበረዶ ላይ፣ በመንሸራተቻ ጫማ አስቡት። የሚመታው ግን ኳስ ሳይሆን ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ነው።

እውነት ያለ ጭንብል ነበር የሚጫወተው? (ከጅማ)

አዎ፣ ፊቱ ባዶ ነበር። የበረኛ ጭንብል እየተለመደ የመጣው የሞንትሪያሉ ዣክ ፕላንት ፊቱን ተመትቶ ከተሰፋ በኋላ ጭንብል አድርጎ ወደ ሜዳ ከተመለሰበት ከኖቬምበር 1 ቀን 1959 ወዲህ ነው። ድሮ እንዲህ ነበር ብላችሁ ልጆቻችሁን ያለ መከላከያ እንዳትልኩ።

በረኛ መውደቅ ክልክል ነበር ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነው ታዲያ የሚያድነው? (ከባህር ዳር)

ቆሞ! ቬዚና ሥራውን ሲጀምር በረኛ ፓክ ለማዳን ብሎ በረዶው ላይ ከተኛ ይቀጣ ነበር። በዱላው፣ በእግሩ፣ በአካሉ ቆሞ መመለስ ነበረበት። የኦታዋው ክሊንት ቤኔዲክት ግን አዳልጦት የወደቀ እየመሰለ ደጋግሞ ተኛ። ዳኞቹ ሰለቹ። በጃንዋሪ 1918 ኤንኤችኤል የሚባለው የሆኪ ሊግ ደንቡን አነሳው። ቬዚና ከዚያም በኋላ ቆሞ ማዳኑን አልተወም። በቀጣዩ ወር ቶሮንቶን 9 ለ 0 ሲያሸንፉ በሊጉ ታሪክ ጎል ያልገባበት የመጀመሪያው በረኛ ሆነ። እኔ እንደ ሐኪም ሳየው ትልቁ ብቃቱ እርጋታው ነው። ቀድሞ አይቶ ቦታውን ይይዛል፣ አይደናገጥም።

22 ልጆች ነበሩት ይባላል። (ከደሴ)

ወሬ ነው። ያደጉለት ሁለት ወንዶች ናቸው። አንደኛው ማርሴል ስታንሊ ይባላል፤ አባቱ ዋንጫውን ባነሳበት በ1916 ነው የተወለደው።

ዶክተር፣ የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሆኖኛል ሲያስለኝ፣ ማታ ማታም ያተኩሰኛል። ቅዳሜ ፍጻሜ አለን፣ ሌላ በረኛ የለንም። ማስታገሻ ውጬ ብገባስ? (ከሐዋሳ)

አትገባም፣ ልጄ። ቁጣ አይደለም፣ ስለምሳሳልህ ነው። ይሄን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ፣ መልሴም አይቀየርም፦ ትኩሳት ካለ ጨዋታ የለም።

ኖቬምበር 28 ቀን 1925 ቬዚና ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ነበር። ካናዲያንስ ከፒትስበርግ ጋር ይጫወታል። ለማንም ምንም ሳይል ገባ፤ ዝም ብሎ መሥራት ልማዱ ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንድም ጎል አልገባበትም። በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ውስጥ ደም አስመለሰው። ተመልሶም ግቡ ላይ ቆመ! በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በረዶው ላይ ወደቀ፣ ደግፈው አስወጡት። በእሱ ቦታ አልፎንስ ላክሯ ገባ። ቬዚና ሲመረመር ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሆኖ ተገኘ። ማርች 27 ቀን 1926 በትውልድ ከተማው አረፈ። ገና 39 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ አንተ። ማስታገሻው ትኩሳቱን ያወርደዋል፣ በሽታውን ግን አይነካውም። ደህና የሆንክ ይመስልህና ትሮጣለህ። በትኩሳት ላይ ልብ ዱሮውንም በፍጥነት ይመታል፣ ሰውነትም ውሃ ያጣል። ቫይረስ የልብን ጡንቻ ነክቶ ከሆነ ሩጫው ሊገድል ይችላል። ዳይክሎ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግተው ሜዳ የሚገቡ ልጆች አውቃለሁ። ተዉ፣ እባካችሁ! ከፋርማሲም በራስህ አንቲባዮቲክ ገዝተህ እንዳትጀምር።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለህ ጤና ጣቢያ ሄደህ አክታህን አስመርምር። ሌሊት አንሶላውን የሚያረጥብ ላብ አለህ? ሱሪህ እየሰፋ ነው? ይሄን ሁሉ ለሐኪሙ ንገረው። ቲቢ በመልበሻ ክፍልና በሚኒባስ አየር ለጓደኞችህ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ለቡድኑ ብለህ ብትገባ የምትጎዳው ቡድኑንም ነው። ቬዚና ሲታመም መድኃኒት አልነበረም። ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። ዛሬ ግን ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ሕክምና ይዳናል፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት ደግሞ በነጻ ነው። ቅዳሜ ተከላካዩ ጓንት ያጥልቅ። አንተ ሳትውል ሳታድር ተመርመር፤ ደም ካየህ ግን አሁኑኑ ሂድ።

ታዳጊዎች አሠለጥናለሁ። ጉንፋን የያዘው ልጅ ልምምድ ይምጣ? (ከአዳማ)

ንፍጥ ብቻ ከሆነና ልጁ ደህና ከሆነ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይችላል። ትኩሳት ካለ ጨዋታ የለም።

በስሙ ሽልማት አለ የተባለው ምንድነው? (ከጎንደር)

የቬዚና ዋንጫ ነው። ከሞተ በኋላ የካናዲያንስ ባለቤቶች ለሊጉ አበረከቱት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በተከታታይ የወሰደው የእሱ ተተኪ ጆርጅ ሄይንስዎርዝ ነው። ድሮ ትንሽ ጎል ለገባበት ቡድን በረኛ ይሰጥ ነበር፤ አሁን በድምፅ ለተመረጠው በረኛ ነው።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ የአይስ ሆኪ በረኛ ልሁን ብሏል። ያገለገለ ጭንብል ከሰው አግኝተናል። (ከቶሮንቶ)

እናቴ፣ በርቺ፣ ደስ ይላል። ጭንብሉን ግን ክለቡ ሳያየው አታድርጊለት። የተሰነጠቀ ወይም ልኩ ያልሆነ ከሆነ አይረባውም። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው ወይም ከፈዘዘ ወዲያው ይውጣ፣ ሐኪምም ይየው። ትኩሳት ካለውም እቤት ይዋል፣ አሠልጣኙ ቢለምንሽም።

የቲቢ መድኃኒቴን ጨርሻለሁ። ሩጫ መቼ ልጀምር? (ከመቀሌ)

ይሄን በስልክ አልመልስልህም፣ ወንድሜ። ያከመህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ሳንባህን ይይልህ፣ እሱ ይወስን።