መብረቅ ከመታ በኋላ፦ ማሽኑ ለምን አይነሳም? ከየትስ እንጀምር?

[ምስል፦ ከሰዓት በኋላ። ከኮምቦልቻ በላይ ያሉት ተራሮች በጥቁር ደመና ተሸፍነዋል።]

ጤና ይስጥልኝ። ወሎ ውስጥ መብረቅ እንግዳ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አለ፤ በበልግም ይመጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከእሷ ዝቅ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ ተቀምጣለች። ሞቃቱ አየር ዳገቱን ይዞ ሲወጣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ዛሬ የማወራው እንዲህ ባለ ቦታ ለሚሠሩ ኤሌክትሪሻኖችና የጥገና ባለሙያዎች ነው።

መብረቅ መታ እንበል። መብራት ሄዶ ተመለሰ። ማሽኑ ግን አልነሳም። ማሽኑን የሚመራው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው ላይ ቀይ መብራት በርቷል፤ ስክሪኑ ባዶ ነው። ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ ያያችኋል። "መቼ ይነሳል?" የሚለው ጥያቄ ይበዛል። "አብሽሩ፣ ምክንያቱን አግኝቼ እነግራችኋለሁ" በሉና ወደ ፓናሉ፣ ወደ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር አለ። ከፒኤልሲው ላይ የተቃጠለውን ካርድ (ሽቦዎቹ የሚገቡበትን ሰሌዳ) ይነቅላል፣ ከስቶር አዲሱን ያወጣል፣ ይሰካል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መብረቁ የገባበትን መንገድ ሳታገኙ አዲስ ካርድ አትሰኩ። የመጀመሪያውን ካርድ የገደለው ብልሽት አሁንም ሽቦው ላይ ሊኖር ይችላል። ስቶር ውስጥ ያለው ካርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሌላው የሚመጣው ከውጭ አገር ነው፤ ምንዛሬ ተጠብቆ።

[ምስል፦ ሁለት ሕንፃዎች፣ በመካከላቸው መሬት ውስጥ የተቀበረ ኬብል።]

መንገዱን ለማግኘት መብረቁ እንዴት እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። መብረቅ ፓናሉን በቀጥታ መምታት የለበትም። አንድ መብረቅ 30,000 አምፔር ገደማ ሊይዝ ይችላል። ያ ሁሉ ኃይል መሬት ውስጥ ሲገባ፣ በዚያ ቦታ ያለው መሬት ራሱ ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል። የቦርከና ወንዝ ላይኛው በኩል ዘንቦ በድንገት ሲሞላ እንደምናየው ነው፤ ታች ያለው ገና አልሞላም። ቮልቴጁ የወጣበትንና ያልወጣበትን ቦታ የሚያገናኝ ሽቦ ካለ ልዩነቱ በእሱ በኩል ያልፋል። 24 ቮልት የለመደ ካርድ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይደርሰዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ተቃጠለ?" አይደለም። "ከዚህ ሕንፃ የሚወጣው ሽቦ የትኛው ነው?" ነው። የመብራት መስመሩ፣ ወደ ጋኑ የሚሄደው የሴንሰር ኬብል፣ የኔትወርክ ገመዱ፣ የበር ካሜራው ሁሉ ይቆጠራል። ካሜራውን ማንም አያስበውም፤ ግን ግቢው አጥር ላይ ተሰቅሎ መብረቁን በገመዱ በቀጥታ ወደ ኔትወርክ ስዊቹ ያደርሳል።

ከመነካካታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ ውጭ ያለ ኬብል አትንኩ፣ ጋን ላይ አትውጡ። ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) ካለ ብሬከሩን ካወረዳችሁ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያም ለክታችሁ አረጋግጡ። ደግሞም ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱ፤ የትኛው መብራት እንደበራ፣ ምን የስህተት ቁጥር እንደወጣ። አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

[ምስል፦ ኮረብታ ላይ የውኃ ጋን፣ ሜዳው ላይ የፓምፕ ቤት። ኬብሉ ዳገቱን ይወጣል።]

አሁን አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። ፓምፑ ሜዳ ላይ ነው፣ ጋኑ ኮረብታ ላይ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ዙሪያ ይህ የተለመደ ነው። ጋኑ ላይ የውኃውን ከፍታ የሚለካ ትራንስሚተር አለ፤ በሁለት ሽቦ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ይልካል። 4 ማለት ጋኑ ባዶ ነው። 12 ግማሽ ነው። 20 ሙሉ ነው። 0 ካነበባችሁ ግን ጋኑ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ትራንስሚተሩ ሞቷል። ከዜሮ ሳይሆን ከ4 የሚጀምረውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ ኮረብታው ላይ ነው ወይስ ፓናሉ ውስጥ? ዳገት ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ለዩት። የመስኩን ሁለት ሽቦ ከተርሚናሉ ፍቱ። በቦታው ካሊብሬተር (የታወቀ ሚሊአምፔር የሚልክ መሞከሪያ) አስገብታችሁ 12 ሚሊአምፔር ላኩ። ስክሪኑ 50 በመቶ ካለ ካርዱ ደህና ነው፤ ጫማችሁን አጥብቃችሁ ወደ ጋኑ። ዝም ካለ ወይም የማይመስል ቁጥር ካሳየ ጉዳዩ ካርዱ ነው።

ካሊብሬተር የለንም? የካርዱ መግቢያ 250 ኦም ከሆነ፣ ከደህና 24 ቮልት ጋር 1.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገቡ። 12 ሚሊአምፔር አካባቢ ይሰጣችኋል። ሬዚስተሩ ግማሽ ዋት ይሁን፤ ትንሹ ይግላል። በጥቂት ብር የሚገዛ ዕቃ ግማሽ ቀን ያተርፋል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ቆሞ የቀረ ንባብ ነው። መብረቅ የነካው ትራንስሚተር አንዳንዴ አይሞትም፤ ለምሳሌ 14 ሚሊአምፔር ላይ ይደርቃል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ሰላም ይመስላል፣ ጋኑ ግን እየጎደለ ነው። ቁጥሩ ከውኃው ጋር ሲንቀሳቀስ በዓይናችሁ ሳታዩ "ደህና ነው" አትበሉ።

[ምስል፦ የተከፈተ ፓናል፣ መልቲሜትር።]

ወደ ፓናሉ እንመለስ። 24 ቮልት ፓወር ሰፕላዩን ከጭነቱ ነጥላችሁ ለኩ። ደህና ከሆነ መስመሮቹን አንድ በአንድ መልሱ፤ ሁሉንም በአንዴ አይደለም። ቮልቴጁ የወደቀው የትኛውን ስትመልሱ ነው? ሾርቱ እዚያ ነው።

ሰርጅ አሬስተሩን፣ ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅን የሚከላከለውን ዕቃ እዩ። ብዙዎቹ ትንሽ መስኮት አላቸው፤ አረንጓዴ ከነበረ ቀይ ሆኗል። ቀይ ከሆነ ሥራውን ሠርቶ አልቋል፤ አዲስ ካርድ ከመግባቱ በፊት ይቀየር። አረንጓዴ ሆኖ ካርዱ ከተቃጠለስ? ምናልባት መብረቁ በሌላ በር ገብቷል። ካሜራውን አስታውሱ።

የአርኤስ 485 መስመር (መሣሪያዎች በሁለት ሽቦ መረጃ የሚለዋወጡበት) ከሆነ ኃይሉን አጥፉና በሁለቱ ሽቦ መካከል ለኩ። በሁለቱም ጫፍ የ120 ኦም ሬዚስተር ስላለ 60 ኦም አካባቢ ማንበብ አለባችሁ። በጣም ካነሰ አንዱ መሣሪያ ሾርት ሆኗል፤ መስመሩን ከመሃል እየከፈላችሁ ፈልጉት። ሜገር (የኬብል ሽፋንን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈትሽ መለኪያ) ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ በተገናኘበት ኬብል ላይ አይሞከርም። ሁለቱም ጫፍ ይፈታ። አለበለዚያ መብረቅ የተወውን በ500 ቮልት እናንተ ትጨርሱታላችሁ።

ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የሞተሩን ኃይል አጥፍታችሁ እያንዳንዱን ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ) ሞክሩ። የተጣበቀ ኮንታክት "ቁም" ሲባል አይቆምም። የአደጋ ማቆሚያውን ቁልፍ አንድ በአንድ ተጫኑ። ፈረቃ ይዘግይ እንጂ ይህ አይዘለልም፤ ማሽኑ አጠገብ የሚቆመው ሰው ነው።

ማሽኑ ከተነሳ በኋላም ዝም አትበሉ። መብረቅ ያዳከመው ዕቃ ከሳምንታት በኋላ ሊሞት ይችላል። ምን እንደተቀየረ፣ በየት በኩል እንደገባ መዝግቡ። የፒኤልሲውን ፕሮግራምና የኢንቨርተሩን ፓራሜትር ቅጂ ከዚያው ክፍል ውጭ አስቀምጡ።

[ምስል፦ የመሬት ዘንግና የሚያገናኘው ሽቦ።]

የመጨረሻው ግራውንድ ነው። "ለፒኤልሲው ንጹሕ ግራውንድ" ተብሎ ለብቻው ዘንግ የሚተከልበት ቦታ አለ። ከሕንፃው ግራውንድ ጋር ካልተያያዘ መብረቅ ሲመጣ ሁለቱ ይራራቃሉ፤ ልዩነቱ በካርዱ ውስጥ ያልፋል። ሁሉም በአንድ ይታሰሩ። ግራውንዱንም አፈሩ ሲደርቅ፣ በበጋ ለኩት፤ በክረምት የረጠበ መሬት ጥሩ ቁጥር ይሰጣል።

ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ለሚሄደው ኔትወርክ ደግሞ ፋይበር አስቡ። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስትገዙ ግን ውስጡ ብረት የሌለበትን ጠይቁ። የብረት ሽፋን ካለው መብረቁ በእሱ በኩል ይገባል።