ጀማሪ እጅ፣ ኃይለኛ ሞተር፦ የስፖርት መኪና ለወጣት አሽከርካሪ ለምን ይከብዳል?

[ምስል፦ ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ተራ የቤተሰብ መኪና፣ ሌላው መሬት ለመሬት ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና ነው።]

ተራኪ፦ ሁለቱም መኪኖች አራት ጎማ፣ አንድ መሪና አንድ የፍሬን ፔዳል አላቸው። መንጃ ፈቃዱን ትናንት የተቀበለ የ18 ዓመት ወጣት በብዙ አገሮች ሕግ የሁለቱንም ቁልፍ ተቀብሎ መንዳት ይችላል፤ የተማረበትና የተፈተነበት መኪና ግን እንደ መጀመሪያው ያለ እንጂ እንደ ሁለተኛው ያለ አልነበረም። የመጀመሪያው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ለመድረስ 11 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ለሁለተኛው 3 ሰከንድ ይበቃዋል። በዚህ ቪዲዮ የምንነጋገረው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ስላለው ልዩነት ነው፤ ጀማሪ አሽከርካሪ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጊዜ ሲሆን፣ ኃይለኛ መኪና ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጥቀው ያንኑ ጊዜ ነውና።

የጉዳዩን ስፋት በአጭሩ እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ላይ አደጋ ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶችም ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ከሟቾቹ መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና የሞተር ሳይክል ተጠቃሚዎች መሆናቸውን ስናስተውል፣ አንድ ወጣት የሚይዘው መኪና የእርሱና የቤተሰቡ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ይገባናል።

[ምስል፦ ከመሪው ኋላ የተቀረጸ እይታ። የአሽከርካሪው ዓይን የሚያርፍበት ቦታ በትንሽ ክብ ምልክት ይታያል።]

ተራኪ፦ ስለ ወጣት አሽከርካሪ ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ስለ ድፍረትና ስለ ጥጋብ ነው። እነዚህ ድርሻ የላቸውም አንልም፤ ነገር ግን ጨዋና ጥንቁቅ የሆነ ወጣትም ቢሆን ገና ያልሠለጠነ አንድ ነገር አለው፤ እርሱም ዓይኑ ነው። ሞራንትና ሮክዌል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት ጀማሪዎችና ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች መንገድ ላይ ሳሉ ዓይናቸው የት የት እንደሚያርፍ መዝግበው አነጻጽረዋል። ልምድ ያላቸው አሻግረው ወደ ሩቅ ይመለከቱ፣ ግራና ቀኙን በሰፊው ይቃኙ፣ መስታወታቸውንም ደጋግመው ያዩ ነበር። የጀማሪዎቹ እይታ ግን ከመኪናው አፍንጫ ብዙም አይርቅም፤ የሚቃኙትም ስፍራ ጠባብ ነበር።

ልምድ ያለው ሹፌር ከቆመ አውቶቡስ ፊት ሰው ድንገት ሊወጣ እንደሚችል ሰውየው ሳይታየው ይጠረጥራል፤ እግሩም ሳይታወቀው ከነዳጅ ፔዳሉ ይነሣል። ጀማሪው ማሰብ የሚጀምረው ሰውየውን ካየ በኋላ ነው። ይህ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን ማንኛውም ሹፌር የሚያልፍበት የመማር ደረጃ ነው። የአደጋው ዕድል እጅግ ከፍ ብሎ የሚታየውም መንጃ ፈቃድ በተገኘባቸው የመጀመሪያ ወራት ሲሆን፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር እየበዛ ሲሄድ እየቀነሰ ይመጣል። እንግዲህ እነዚያን ወራት በምን ዓይነት መኪና ማሳለፍ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

[ምስል፦ ከላይ የታየ መንገድ፤ ርቀቱ በሜትር ተሰምሮበታል።]

ተራኪ፦ ወደ ስሌቱ እንግባ። አንድ አሽከርካሪ አደጋን አይቶ፣ ነገሩ ገብቶት፣ እግሩን አንሥቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በዚህ ጊዜ ውስጥ 21 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላም በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም 13 ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ በድምሩ 34 ሜትር ነው። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የነበረው መኪናስ በዚሁ በ34ኛው ሜትር ላይ ሲደርስ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ሹፌሩ ፍሬን መያዝ ከጀመረ ገና ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው አሁንም በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው። አንደኛው ያለ አንዳች ጭረት በቆመበት ቦታ ላይ ሌላኛው ሰው ሊገድል በሚችል ኃይል ይጋጫል።

ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሆነ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በዚሁ ስሌት 93 ሜትር ይሆናል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬኑም ያንን ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ መጨረስ ይኖርበታል። አጭሩ የፊት መብራት በጨለማ አጥርቶ የሚያሳየው ርቀት ከዚህ በእጅጉ የሚያንስ በመሆኑ፣ በዚህ ፍጥነት በሌሊት የሚነዳ ሰው ሊቆምበት የማይችለውን መንገድ ሳያየው እየገባበት ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የስፖርት መኪና ፍሬን እኮ ከተራ መኪና ፍሬን ይበልጣል የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት ነው፤ ይበልጣል። ሆኖም ጠንካራ ፍሬን የሚያሳጥረው የርቀቱን ሁለተኛ ክፍል ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል፣ ማለትም የሰውየውን አንድ ሰከንድ ተኩል የሚያሳጥር ፍሬን እስካሁን አልተሠራም፤ ያ ክፍል ደግሞ በጀማሪው ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ የሚረዝም ነው።

ፍጥነትን ለሰውነታችን የሚነግሩን የሞተር ድምፅ፣ ንዝረትና የነፋስ ጩኸት ናቸው። በደንብ የተሠራ ኃይለኛ መኪና እነዚህን መልእክቶች ያለዝባቸዋል፤ በሰዓት 120 የሚጓዝ ሰው 80 የሚጓዝ ይመስለዋል። በተራ መኪና ከ50 ወደ 100 ለመድረስ ሞተሩ ሲጨነቅ ይሰማል፤ ሹፌሩም ሐሳቡን ለመለወጥ በቂ ሰከንዶች አሉት። በኃይለኛው መኪና ግን ይህ ሁሉ የሚያልቀው ሰው መስታወት አይቶ፣ ዳሽቦርዱን ቃኝቶ ዓይኑን ወደ መንገዱ እስኪመልስ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች ይህንን ነገር ከስፖርት መኪና መልክ አላቅቀውታል፤ ተራ የቤተሰብ መኪና መስለው በ4 ሰከንድና ከዚያም ባነሰ ጊዜ 100 ላይ የሚደርሱ አሉ፤ ሙሉ ጉልበታቸውም ፔዳሉ በተነካበት ቅጽበት ያለ ሞተር ድምፅ ይመጣል። መልኩን አይቶ መኪናውን ለልጁ ምቹ ነው ብሎ የሚያስብ ወላጅ ይህንን ልብ ሊለው ይገባል።

[ምስል፦ አንድ ጎማ መንገዱን የሚነካበት ቦታ ጎልቶ ይታያል። ቀጥሎ አንድ መኪና ወደ ኩርባ ሲገባ በዝግታ ይታያል።]

ተራኪ፦ አሁን ወደ ኩርባው እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ መብራራት ያለበት ይህ ነው ብለን እናምናለን። መኪናን ከመንገድ ጋር የሚያገናኙት አራት የጎማ ንክኪዎች እያንዳንዳቸው ከሰው መዳፍ ብዙም አይሰፉም። ፍጥነት መጨመርም፣ ፍሬን መያዝም፣ መዞርም የሚከናወኑት በእነዚሁ አራት መዳፎች ላይ ነው፤ ጎማው መንገዱን የመያዝ አቅሙን ለመዞር ከጨረሰው ለፍሬን ወይም ለነዳጅ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ብዙዎቹ ተራ መኪኖች የሚጎተቱት በፊት ጎማቸው ነው። እንዲህ ያለ መኪና ወደ ኩርባ በፍጥነት ሲገባ አፍንጫው ወደ ውጭ መስፋት ይጀምራል፤ የደነገጠው ጀማሪም በደመ ነፍስ እግሩን ከነዳጁ ያነሣል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎቹ ይመጣና መኪናው ተመልሶ መንገዱን ይይዛል። ያላወቀው ድንጋጤ አዳነው ማለት ነው። ብዙዎቹ የስፖርት መኪኖች ግን ከኋላ ጎማቸው ይገፋሉ። በኩርባ ውስጥ ነዳጅ ሲበዛባቸው ኋላቸው ይከዳል፤ ጀማሪው ደንግጦ እግሩን ድንገት ሲያነሣ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ፣ የቀለሉት የኋላ ጎማዎች የቀረችውንም ጥቂት ይዞታ ይለቃሉ። በአንደኛው መኪና ያዳነው ያው ድንጋጤ ሌላኛውን መኪና ባለበት ያሾረዋል። ሞተሩ መካከል ላይ የተቀመጠ መኪና ከሆነ ክብደቱ በአንድ ስፍራ ስለተሰበሰበ መዞር ከጀመረ በጣም ፈጥኖ ይዞራል። ወጣቱ ይህን ለማረም መሪውን ከልክ በላይ ሲመልሰው መኪናው በተቃራኒው አቅጣጫ ተወርውሮ ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና መስመር ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ በሁለት ሰከንድ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ለመማሪያ የሚሆን ትርፍ ጊዜ በመካከሉ የለም።

የጎማው ዓይነትም ችላ የሚባል አይደለም። ለሞቃት አየር የተሠሩ የስፖርት ጎማዎች ቅዝቃዜው ወደ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች ሲወርድ እየደረቁ ይዞታቸውን ይቀንሳሉ፤ ለውድድር የቀረቡትና ጥርሳቸው ጥቂት የሆነው ደግሞ በዝናብ ጊዜ ውኃውን ገፍተው ማውጣት ስለሚሳናቸው በውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል የመኪናን ሚዛን የሚጠብቀው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ትልቅ ባለውለታ ነው። መኪናው መንሸራተት ሲጀምር አንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን በመያዝ ይመልሰዋል፤ አንድ መኪና ብቻውን የሚደርስበትን ገዳይ አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስም በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ነገር ግን ይህ ሥርዓት የሚሠራው ጎማው ካለው ይዞታ ጋር ነው፤ የሌለውን ይዞታ አይፈጥርም። ከዚህም በላይ በብዙ የስፖርት መኪኖች ላይ አንድ ቁልፍ በመጫን ሊጠፋ ይችላል፤ አንዳንድ ወጣቶችም ለመታየት ሲሉ ያጠፉታል።

ልምድ ያለው ሰውም ቢሆን ከዚህ የተፈጥሮ ሕግ አያመልጥም። የፊልም ተዋናዩ ፖል ዎከር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2013 በካሊፎርኒያ በተሳፋሪነት የሞተባት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት ያላትና ሚዛን ጠባቂ ሥርዓት ያልተገጠመላት ነበረች። የሚነዳት ሰው በመኪና ውድድር የተካፈለ ነበር፤ ሆኖም መርማሪዎች በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት መንገድ ላይ ከ130 እስከ 150 በሚደርስ ፍጥነት ይጓዙ እንደነበርና ጎማዎቹም የ9 ዓመት ዕድሜ እንደነበራቸው ገልጸዋል። ይህን ያነሣነው የማንንም ስም ለማጉደፍ ሳይሆን፣ የውድድር ልምድ ያለው እጅ ያልቻለውን ነገር የሦስት ወር ልምድ ያለው እጅ ይችለዋል ብሎ መጠበቅ እንዴት እንደሚከብድ ለማሳየት ነው።

[ምስል፦ ማታ። በመኪና ውስጥ አንድ ሹፌርና ሦስት ጓደኞቹ ተቀምጠዋል።]

ተራኪ፦ ጋርድነርና ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች በኮምፒውተር ላይ መኪና የሚነዱበት ጨዋታ እንዲጫወቱ ተደርጎ ነበር። ወጣቶቹ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከነበሩበት ጊዜ ይልቅ የበለጠ አደጋ ውስጥ ሲገቡ፣ አዋቂዎቹ ላይ ግን የጓደኛ መኖር ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ጓደኞቹ ምንም መናገር አያስፈልጋቸውም፤ መኖራቸው ይበቃል። የስፖርት መኪና ደግሞ በተፈጥሮው ተመልካች የሚሰበስብ፣ «እስቲ አሳየን» የሚያሰኝ መኪና ነው።

አንዳንድ አገሮች ነገሩን በሕግ ይዘውታል። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 መንጃ ፈቃድን በደረጃ መስጠት ጀመረች፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻውን መንዳትም ሆነ ያለ ልምድ ያለው ሰው ሌሎችን ማሳፈር አይፈቀድለትም። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስና የቪክቶሪያ ክፍላተ ግዛት ጀማሪዎች በአንድ ቶን ክብደት ከ130 ኪሎ ዋት በላይ ጉልበት ያለው መኪና እንዳይነዱ ይከለክላሉ። ደቡብ አውስትራሊያ ከዚህ አልፋ ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በቶን 276 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ የሆኑትን መኪኖች ለሚነዳ ለማንኛውም ሰው የተለየ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ደንግጋለች። ፌራሪንና ላምቦርጊኒን ያፈራችው ኢጣሊያም ለአዳዲስ አሽከርካሪዎች የመኪናውን ጉልበት በሕግ ትገድባለች፤ ይህ ገደብ የፉክክር መኪናን በቅርብ የምታውቅ አገር የደረሰችበት ፍርድ ስለሆነ ክብደት እንሰጠዋለን።

ታዲያ ልዩ ሥልጠና ቢሰጣቸውስ? በኖርዌይ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ የመንዳት ሥልጠና ለአዳዲስ አሽከርካሪዎች ግዴታ ሆኖ ከተጀመረ በኋላ የተደረገ ክትትል፣ ሥልጠናውን የወሰዱ ወጣት ወንዶች በአንሸራታች መንገድ ላይ ያደረሱት አደጋ ከመቀነስ ይልቅ መጨመሩን አሳይቷል። የተማሩት ጥቂት ዘዴ ከተገቢው በላይ የሆነ በራስ መተማመን ሰጥቷቸው ነበር። ስለዚህ የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ ቁልፍ ማስረከብን አንመክርም። የሚጠቅመው ረጅምና አሰልቺ የሚመስለው መንገድ ነው፤ ልምድ ያለው ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ መጠነኛ በሆነና ሚዛን ጠባቂ ሥርዓት ባለው መኪና፣ በቀንም በዝናብም በማታም ለብዙ ወራት መንዳት ነው።

ኃይለኛው መኪና አስቀድሞ ቤት ውስጥ ካለ ቁልፉ በማንም እጅ በማይገባበት ቦታ ይቀመጥ። አንዳንድ መኪኖች ለወጣት አሽከርካሪ የሚሆን፣ ከፍተኛውን ፍጥነት የሚገድብ ቁልፍ አላቸው፤ ወላጅ ይህንን በድብቅ ሳይሆን ልጁ ባለበት፣ ምክንያቱን እየነገረው ቢያስተካክለው ይሻላል።

በኋላ ወንበር ለምትቀመጡት ወጣቶችም አንድ ነገር እንላለን። ጓደኛችሁ ሲፈጥን የፈራችሁ እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ ብዙውን ጊዜ ሌሎቹም ፈርተው ዝም ብለዋል። «እዚህ አውርደኝ» ማለት ይቻላል። ወላጆችም ልጃችሁ በእኩለ ሌሊት ደውሎ «መኪናው ውስጥ መሆን አልፈለግሁም፤ ኑና ውሰዱኝ» ቢላችሁ፣ ከማን ጋር ነበርክ የሚለውን ጥያቄ ለነገ አሳድሩትና ወዲያው ተነሥታችሁ ሂዱ።