ቆም ብሎ ማየት፦ በሰበታ ለሳፋሪ ተጓዦች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፤

እንኳን በደህና መጣችሁ። እዚህ ከተሰበሰባችሁት አብዛኞቻችሁ በዚህ በጋ የዱር እንስሳት ለማየት ገንዘብ ያጠራቀማችሁ፣ ፓርክ ስትገቡ ግን የመጀመሪያችሁ የሚሆን ናችሁ። ስለዚህ መግቢያ አናበዛም፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ። ሰው ይህን ያህል ወጪ አውጥቶ፣ ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ «ምንም ሳላይ ተመለስኩ» የሚለው ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ እንስሳ ጠፍቶ አይደለም። ተጓዡ አርፍዶ ይገባል፣ በፍጥነት ይነዳል፣ መኪናው ውስጥ ወሬና ሙዚቃ አይቋረጥም፣ ከዚያም በላይ በቦታው የሌለ እንስሳ ይፈልጋል። አራቱም በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው።

ከመጨረሻው እንነሳ። እያንዳንዱ ፓርክ የራሱ እንስሳ አለው። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ስትገቡ ሳላን፣ የሜዳ ፍየልን፣ እንሹን፣ አምባራይሌን፣ ከርከሮንና ዝንጀሮን ፈልጉ፤ በፏፏቴው ግርጌ ደግሞ አዞ አለ። አንበሳም አለ፤ በቀን አየዋለሁ ብሎ መሄድ ግን ራስን ማታለል ነው። ቀይ ቀበሮ የሚፈልግ ባሌ ይሂድ፤ ጭላዳና ዋልያ የሚፈልግ ስሜን ይውጣ። ቆርኬ የሚፈልግ ሰንቀሌ መጠለያ ይግባ። ዝሆንና ጎሽ የሚፈልግ በዚሁ በደጃችን በሚያልፈው የጅማ መስመር ወርዶ ዳውሮና ኮንታ መካከል ወዳለው ጨበራ ጩርጩራ ይዝለቅ። ባሌ ሄዶ «ዝሆኑ የታለ?» የሚል ተጓዥ የቀበሮውን ውበት ሳያየው ይመለሳል፤ ይህ በጣም ያሳዝነናል፤ በመላው ዓለም የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 እንኳ አይሞላምና።

አሁን ሰዓቱን በአዋሽ እናስረዳ። ፓርኩ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሰበታ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ከተማዋን ዞሮ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን መያዝ አለበት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ብትነሱ፣ አዳማንና ወለንጪቲን አልፋችሁ፣ ከጅቡቲ ከባድ መኪኖች ጋር ተጋፍታችሁ መተሐራ የምትደርሱት ረፋዱ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ቆላው መጋል ጀምሯል፤ ሳላው ከግራር ጥላ ሥር ተኝቷል፣ እንሹ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቷል። ቀኑን ሙሉ ብትዞሩ የምታዩት አቧራ ነው። መፍትሔው ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ መነሳት፣ መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት ኪሎ ማደር፣ ከዚያም በሩ እንደተከፈተ መግባት ነው። እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ፈልጉ፣ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ዕረፉ፣ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ውጡ። ግመል በጨለማ አስፋልት ላይ ስለሚቆም፣ ከባድ መኪናም ያለ መብራት መንገድ ዳር ስለሚቆም፣ በዚያ መስመር ማታ መንዳት የለም፤ ከመሸ የትም ብትሆኑ እደሩ።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነስቷል። የመንገድና የጸጥታ ሁኔታም ከወር ወር ይለዋወጣል። ወደ የትኛውም ፓርክ ከመነሳታችሁ ከሁለት ቀን በፊት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት የሄደ ዘመድ የነገራችሁ አይበቃም።

ፓርክ ከገባችሁ በኋላ የመኪናው ፍጥነት በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር አይብለጥ። ዋናው ሥራ ግን የሚሠራው መኪናው ሲቆም ነው። ውሃ አጠገብ ወይም ሜዳና ቁጥቋጦ በሚገናኙበት ቦታ፣ ነፋሱ ከእንስሳቱ ወደ እናንተ በሚነፍስበት በኩል ቁሙ፤ ሞተር አጥፉ፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ ጠብቁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ባዶ ይመስላሉ። እንስሳቱ ግን መኪናው ሲመጣ ደርቀው ቆመዋል ወይም ዞር ብለዋል እንጂ አልጠፉም። ድምፅና እንቅስቃሴ ሲቀር ወደ ግጦሻቸው ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ አንዱን ካያችሁ አጠገቡ ሦስት ታያላችሁ።

ዓይን ማሠልጠን ይቻላል። ሙሉ እንስሳ አትፈልጉ፤ የእንስሳ ቁራጭ ፈልጉ። የግራርና የቁጥቋጦ ግንድ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ በመካከሉ አግድም የተጋደመ መስመር ካያችሁ ጀርባ ሊሆን ይችላል። ነፋስ በሌለበት የሚንቀሳቀስ ነገር ጆሮ ወይም ጭራ ነው። ከቅርብ ጀምራችሁ ወደ ሩቅ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ በመስመር ቃኙ። አንድ ነገር ስትጠረጥሩ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ፤ ወደ ታች አይታችሁ መነጽር ከፈለጋችሁ ቦታው ይጠፋችኋል። የርቀት መነጽር የምትገዙ ወይም የምትዋሱ ከሆነ 8 በ42 የሚለውን ምረጡ። 8 ማለት ስምንት ጊዜ ያቀርባል፣ 42 ማለት የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ከ10 በላይ የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል፤ ትንሿ 8 በ21 ደግሞ በጠዋት ድንግዝግዝ ታጨልማለች።

ጆሮም ያያል። የዝንጀሮ ጩኸት ድንገት ሲበረታ፣ ጅግራ ያለ ማቋረጥ ሲንጫጫ፣ የሜዳ ፍየሎች ሁሉ ግጦሽ ትተው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያፈጡ፣ እዚያ ነብር ወይም ሌላ አዳኝ አለ። እነሱ የሚያዩትን እዩ። ጥንብ አንሳዎች ሰማይ ላይ ሲዞሩ ብቻ ካያችሁ ምንም ላይኖር ይችላል፤ ተከታትለው መውረድ ከጀመሩ ግን ሬሳ አለ። ይህን ሁሉ ከእናንተ በፊት የሚያነበው ስካውቱ፣ ማለትም አብሯችሁ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ ነው። ስለዚህ ከኋላ ከዕቃ ጋር አትደብቁት፤ ከሾፌሩ ጎን አስቀምጡት፣ ሲያነጋግራችሁ በጥሞና ስሙት። የመግቢያውንና የስካውቱን ክፍያ ጽሕፈት ቤት ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ፤ ጉርሻ ከፈለጋችሁ ጉዞው ሲያልቅ ለብቻው ስጡ።

ሾፌሩን «ትንሽ ቅረብልን» እያላችሁ አታስጨንቁት። ከመንገድ የወጣ ጎማ ሣሩን ከመጉዳቱም በላይ፣ ዝናብ የጠጣ ዋልካ አፈር ላይ ከገባ ፎር ዊልም አያወጣውም። የግራር እሾህ ደግሞ ጎማ ይበሳል፤ ፓርክ ውስጥ ጎሚስታ የለም። አንድ ስኮርታ በቂ አይደለም፤ ሁለት ይጫን። ክሪኩ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚደገፍ ጠንካራ ጣውላ ይኑር። መኪና የምትከራዩ ከሆነ ስኮርታው ነፋስ እንዳለው ከሰበታ ሳትወጡ በዓይናችሁ እዩ፤ ብዙ ጉዞ የተበላሸው በተነፈሰ ስኮርታ ነው። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ያዙ፤ መኪና ቢበላሽ ብላችሁ ተጨማሪ አንድ ጀሪካን ጫኑ።

ከመኪና አትውረዱ ሲባል ምክንያቱ ይገባችሁ። አንበሳም ሆነ ጎሽ መኪናውን የሚያየው እንደ አንድ ትልቅ ነገር ነው። በመስኮት ግማሽ አካሉን ያወጣ ወይም በር ከፍቶ የቆመ ሰው ያንን ቅርጽ ይሰብረዋል፤ እንስሳው ሰው መኖሩን የሚያውቀው ያኔ ነው። ዝሆን ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻል። ጨበራ ጩርጩራ ሣሩ ረጅም ስለሆነ መንጋው ሳይታሰብ አጠገባችሁ ሊወጣ ይችላል። መኪናው ምንጊዜም መውጫ ይኑረው፤ በእናትና በግልገል መካከል አትግቡ። ዝሆኑ ጆሮውን ዘርግቶ ራሱን ከነቀነቀ ጥሩንባ ሳትነፉ፣ ሳትጮኹ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ።

የባሌ ጉዳይ የተለየ ነው፤ ሰፋ አድርገን እንየው። ሳነቴ አምባ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ የባሌው ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፉ 4377 ሜትር ነው። እናንተ ከ2000 ሜትር በላይ የምትኖሩ ስለሆናችሁ ከባሕር ዳርቻ አገር ከሚመጣ ቱሪስት ትሻላላችሁ፤ ይህ ግን ከከፍታ ሕመም ነጻ አያደርጋችሁም። የመጀመሪያውን ሌሊት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት በዲንሾ አካባቢ እደሩ፤ እዚያው ግቢው ዙሪያ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ በእግር ሄዳችሁ በቅርብ ታያላችሁ። ሳነቴ በማግስቱ ነው። እዚያ አትሩጡ፣ ውሃ ጠጡ። ራስ ምታት ከማስታወክ ጋር ከመጣ ወይም ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ጠዋት ይሻለው ይሆናል ብላችሁ አታሳድሩት፤ ወዲያው አውርዱት። በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጋቢ ብቻውን አይበቃም፤ ሹራብ፣ ጃኬትና ጓንት ያዙ።

ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል አዳኝ ነው። አይጦቹ ፀሐይ ሲሞቃቸው ከጉድጓድ ስለሚወጡ እሱም በቀን ያድናል። ስለዚህ አዋሽ ላይ «በጠዋት ካልደረሳችሁ» ያልነው እዚህ አይሠራም፤ ሳነቴ ላይ ረፋድና ቀትርም ጥሩ ነው። በዓለም ላይ ባሌ ብቻ የሚገኘውን ግዙፍ ፍልፈል ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ካያችሁ ቁሙ፤ ቀበሮው ያንን ጉድጓድ ያውቀዋል። አምባውን የሚያቋርጠው መንገድ ላይ ግን ቀስ በሉ፤ ቀበሮ በመኪና ይገጫል። ውሻ በፍጹም ይዛችሁ አትሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ከቤት ውሻ እየተላለፉ ብዙ ቀበሮ ፈጅተዋል። ትርፍራፊ ምግብም አትጣሉ፤ ውሻና ጅብ ይጠራል።

ልብስን በተመለከተ አጭር እንሁን። ካኪ፣ ቡናማ፣ አመድማ አረንጓዴ ይሻላል። ነጭ ነጠላ ከሩቅ ያበራል። ፄፄ ዝንብ ባለበት ቆላ ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ዝንቡን ይስባል። የወታደር ልብስ የሚመስል ነገር በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ቤት ይቅር። ከ2000 ሜትር በታች ለምትወርዱ የወባ ነገር አለ፤ መከላከያ መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘላችሁ ከተመለሳችሁ በኋላም አራት ሳምንት ይወሰዳል፤ ብዙ ሰው ቤቱ ሲገባ አቁሞ ይታመማል።

ስንቅ ላይ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚተካከላቸው የለም፤ አይሸቱም፣ አይበላሹም፣ ለጾመኛም ይሆናሉ። ሙዝ ግን ዝንጀሮ ይጠራል፤ በመስኮት ገብቶ ይነጥቃል። አንድ ጊዜ ከሰው እጅ የበላ ዝንጀሮ ኋላ ልጆችን ይተናኮላል። ቡና ያለ ጀበና አይሆንም የምትሉ እናቶች ይቅር በሉን፤ በበጋ ሣሩ ደርቆ ስለሚቆይ አንዲት የከሰል ፍንጣሪ ሜዳውን ታቃጥላለች። ቡናውን ከማደሪያችሁ አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ።

ኬንያና ታንዛኒያ ለምትሻገሩ። ዊልደቢስት የሚባሉት በመንጋ የሚጓዙ ትልልቅ የሜዳ እንስሳት የማራን ወንዝ የሚሻገሩት በፈረንጆቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ በየካቲት አካባቢ ደግሞ በታንዛኒያ ደቡብ ሰርንጌቲ ይወልዳሉ። በኅዳር ሄዶ መሻገሪያውን መጠበቅ አያዋጣም። መንጋው ወንዙ ዳር ሰዓታት ቆሞ ሳይሻገር ሊመለስ ስለሚችል ለማራ ብቻ ሦስት ሌሊት መድቡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ስለምትጠየቁ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ። ፌስታል አትያዙ፤ በኬንያ ከ2017፣ በታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው። በትንሽ አውሮፕላን ከሆነ የምትገቡት፣ ሻንጣችሁ ለስላሳ ይሁን፤ ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው የሚፈቀደው። ስትዋዋሉ ሁለት ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ፦ የፓርክ መግቢያው ዋጋው ውስጥ መካተቱን፣ እያንዳንዱ ሰው የመስኮት ወንበር ማግኘቱን። አቦሸማኔ ቀን አዳኝ ስለሆነ መኪና ሲከበው አደኑ ይበላሻል፤ ሌሎች መኪኖች ቀድመው ካሉ «እለፍ» በሉት ሾፌሩን።

ለፎቶ ስልክም ይበቃል። አንድ ኪሎ ሽምብራ በጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ መስኮቱ ላይ አስቀምጡና ስልኩን በላዩ አሳርፉት፤ አይንቀጠቀጥም። ፍላሽ ይጥፋ።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ የምትለማመዱት ግን ሩቅ ሄዳችሁ አይደለም። የመናገሻ ሱባ ደን እዚሁ በላያችን፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ነው። ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀው የጽድ ደን ውስጥ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ አሉ። በአንድ ቡድን ከስምንት ሰው አትብለጡ፤ ማለዳ ግቡ፤ ስልክ ድምፁ ይጥፋ። በደኑ ጠርዝ ላይ 20 ደቂቃ ተቀመጡና የሰማችሁትንና ያያችሁትን ጻፉ። ልጆችንም ውሰዱ፤ እዚያ 20 ደቂቃ ዝም ማለት የቻለ ልጅ ሳፋሪ ይችላል፤ ያልቻለውን በግድ አዋሽ ወስዳችሁ ስድስት ሰዓት መኪና ውስጥ አትዝጉበት፣ አንድ ዓመት ጠብቁት። ከደጅ ያሉት ካርታዎች ላይ የሱባ መግቢያና የእግር መንገዶቹ ተመልክተዋል፤ በየቡድናችሁ አንዳንድ ውሰዱ፣ ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ።